የሺጌታ ቀለበት

ይህ በእውነት የሆነ ነው። ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ባላየው ኖሮ አላምንም ነበር።

ሴንዳይ፣ ነሐሴ ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የዩኒቨርሲቲው መብራት ለዓመታዊ ፍተሻ ጠፍቷል። ቤተ ሙከራው ውስጥ የቀረነው እኔና አለቃዬ ጋሽ ኩዋባራ ብቻ ነን።

መግቢያችን ላይ ሰሌዳ አለ። ስማችን የተጻፈባቸው ትንንሽ ማግኔቶች ይለጠፉበታል... ወይ "አለ"፣ ወይ "ቤት ሄዷል"። ማግኔቱን ሳያዛውር የወጣ ካለ፣ መጨረሻ የሚወጣው ሰው ያስተካክልለታል። እኛ ጋ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል።

ከሁለት ዓመት በፊት ጋሽ ኩዋባራ የባልደረባችንን የሺጌታን ማግኔት "ቤት ሄዷል" ላይ አደረጉለት። የረሳው መስሏቸው። የምድር ቤቱን የአየር ማራገቢያ አጠፉ፣ በሩን ቆለፉ...

ሺጌታ ውስጥ ነበር። ለማቀዝቀዣ የምንጠቀምበት ፈሳሽ ናይትሮጅን እየተነነ አየር አሳጥቶ ገደለው።

ማግኔቱን ለማንሳት እስከ ዛሬ የደፈረ የለም።

ሺጌታ የተወው አንድ ጥቁር ቀለበት ነው። ኤሌክትሮኖቹ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው አይንቀሳቀስም። ሲሞቅ ጠባዩ የሌላ ብረት ጠባይ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። በፈሳሽ ናይትሮጅን ሲቀዘቅዝ ደግሞ የገባበት ኤሌክትሪክ ያለ ባትሪ ይዞራል... አይቆምም።

ሺጌታ ያስጀመረው ኤሌክትሪክ ያን ቀንም ምድር ቤት ይዞር ነበር። ጋሽ ኩዋባራ በየሁለት ቀኑ ናይትሮጅን ይጨምሩለታል።

"ማራገቢያው እኮ ጠፍቷል ጋሼ። ይቅርብዎ።"

"አምስት ደቂቃ ነው ሚኖዋ። በሩን ክፍት አደርገዋለሁ።"

"መብራት እስኪመጣ..."

"እስከዚያ ይሞቃል። ሁለተኛ ልግደለው?"

ወረዱ።

ቀና ብዬ ሰሌዳውን ሳየው... የሺጌታ ማግኔት "አለ" ላይ ነው።

ጠዋት እዚያ አልነበረም።

"ጋሼ!"

ከታች በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ቀስ ብሎ... ሰው እንደሚዘጋው።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አስገባሁት፤ ዞረ። በሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

በባትሪ የሚሠራው የአየር ማነስ ማስጠንቀቂያ ውስጥ ይጮሃል።

"ሚኖዋ... ክፈቺልኝ።"

"ከፍቼዋለሁ! ይግፉት!"

"እየገፋሁ ነው... በዚህ በኩል የያዘው አለ።"

"ማን?"

"ይቅርታ እየጠየቅኩት ነው..." አሉ በሹክሹክታ። "አይሰማኝም።"

ከዚያ ዝም።

ምድር ቤት ስልክ አይሠራም። ጥበቃ ልጠራ እየጮህኩ ወደ ላይ ሮጥኩ።

ሰሌዳው ጋ ስደርስ ቆምኩ።

የጋሽ ኩዋባራ ማግኔት ማንም ሳይነካው ይንሸራተታል። ቀስ... ቀስ... "ቤት ሄዷል" ላይ ሲደርስ ቆመ።

"አልሄዱም! ውስጥ ናቸው!"

በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት። ጥፍሬ ተሰበረ፤ ደሜ በሰሌዳው ላይ ወረደ።

ጣት የማታክል ማግኔት... ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።