አራት በአምስት

«ሳሎኑ ስንት በስንት ነው?» አሉ እትዬ አልፊያ። የልብስ ሰፊ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገዋል።

ማራኪ ወደ ሱቃቸው የመጣችው ዕቃ ማሰሪያ ገመድ ልትገዛ ነበር። ስለ ሳሎን የሚጠይቃት ሰው ይኖራል ብላ አልጠበቀችም። ከእትዬ አልፊያ ኋላ የወለል ፕላስቲክ ጥቅሎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አንዱ እንጨት ይመስላል፣ ሌላው እብነ በረድ፣ አንዱ ደግሞ ዓይን የሚያስለቅስ ቀይ አበባ አለበት።

«የትኛው ሳሎን?»

«ኧረ ተይኝ እባክሽ። የወሊሶው ነዋ።»

«አራት በአምስት» አለች ማራኪ።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ እሷም አታውቅም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅም ላይ ይሠራል።

እትዬ አልፊያ «ማሻ አላህ» ብለው ጉንጯን ቆንጠጥ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ምስጢሩን ዘረገፉት። የሰፈሩ የሴቶች ዕድር አዋጥቷል። በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ሚኒባስ ተኮናትረው ለቤት ምርቃት ወሊሶ ድረስ ይመጣሉ፤ አሥራ አራት ሴቶች። እማማ ወለተጻድቅ ድፎ ዳቦ ይደፋሉ። ምንጣፉ ደግሞ ከእሳቸው ሱቅ ነው። እናቷ ፋሲካ ግን አንዲት ነገር እንዳትሰማ፤ ድንገት ከተፍ ሲሉባት ነው ደስ የሚለው። ምንጣፉን ነገ ጠዋት ይቆርጡታል።

«አንዴ ከተቆረጠ መመለስ የለም» አሉ። «ልኩን እርግጠኛ ነሽ አይደል?»

ማራኪ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ገመዱን ይዛ ስትወጣ መልሷን እንኳ መቀበል ረሳች።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወሊሶ ውስጥ የገዙት ቤት የለም። ያለችው ከሰው ግቢ ጀርባ የተከራዩአት አንዲት ክፍል ናት፤ ሦስት በሦስት፣ ሽንት ቤቷ ለአምስት አባወራ የጋራ። የሚሄዱትም አከራያቸው ቤቱን ለልጁ መዳሪያ ስለፈለገው ነው። እናቷ ቤቴል አንድ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ሠራተኛነት ከምታገኘው ደሞዝ ጋር የሚመጣጠን ክፍል ኮልፌ ውስጥ ፈልጋ አጣች። ወሊሶ የምትኖር የድሮ ጓደኛዋ እዚህ ኪራይ ርካሽ ነው፣ ሆቴል ቤትም ሥራ አይጠፋሽም አለቻት። አንድ ቅዳሜ ከአየር ጤና ተሳፍራ ሄዳ አይታ ተመለሰች። ከተማዋ ደስ ትላለች፣ ዛፍ በዛፍ ናት፣ አየሯም ልብ ይጠግናል ብላ አወራች። ስለ ቤቱ ስትጠየቅ ግን «ቤት ነው» ብቻ አለች።

ውሸቱ የተጀመረው ትምህርት ቤት ነው። ከወር በፊት ሜሪ የምትባል የክፍላቸው ልጅ ቤተሰቦቿ ስለገዙት ቤት ስታወራ ነበር፤ የራሴ ክፍል አለኝ፣ በረንዳ አለው፣ ምናምን። ከዚያ ወደ ማራኪ ዞረችና «እናንተ ግን ክፍለ ሀገር ልትገቡ ነው አሉ፤ ኪራዩ ከብዷችሁ ነው?» ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። ማራኪ ደሟ ፈላ። አጠገቧ ሀይፋ ተቀምጣ ነበር፤ የእትዬ አልፊያ ልጅ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋሩ ጓደኛዋ።

«ቤት ገዝተን ነው እኮ» አለች ማራኪ።

ስልኳን አውጥታ ቲክቶክ ላይ ያገኘችውን ቪዲዮ አሳየቻቸው። አንድ ወጣት ስለ ርካሽና ውብ ትንንሽ ከተሞች የሚያወራበት ነው፤ ቀይ ጣሪያ ያለው ቤት፣ ግቢው ውስጥ የአቮካዶ ዛፍ፣ አጥሩ ላይ የተቀመጠች ጦጣ። ድምፁን አጥፍታ «ይሄ ነው» አለች። ሜሪ ሳቋን ትታ ደብተሯን ማገላበጥ ጀመረች። ያ ለማራኪ እንዴት እንደጣማት እግዜር ይወቀው።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የማራኪ ውሸት ግን እያደር ከበደ። ሀይፋ በደስታ ለእናቷ ነገረች፣ እናቷ ለሱቅ ደንበኞቿ፣ ደንበኞቹ ለዕድሩ ሴቶች። አሁን አሥራ አራት ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሂጃባቸውን አሳምረው፣ እልል እያሉ ወደዚያች ሦስት በሦስት ክፍል ሊገቡ ነው። እናቷ በራፉ ላይ ቆማ ምን ልትል ነው?

ቤት ስትደርስ እናቷ ድስቶቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች ማዳበሪያ ውስጥ ትከታለች። ፊቷ ጠቁሯል። ከሥራ ስትመለስ ቦኖ ውሃ ጋ የሰፈሩን ሴቶች አግኝታቸው ነበር፤ እሷን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋረጡ። ሰሞኑን ሁሉ እንደዚያው ናቸው።

«አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ኖርኩ» አለች። «ስንቱን ለቅሶ አብሬ ተቀመጥኩ። ልሄድ ነው፣ የሆነች ክፍል ፈልጉልኝ፣ ልጄ ከትምህርቷ አትፈናቀል ብዬ ስንቱን ለመንኩ። አንድ ሰው እንኳ እህ ብሎ አልሰማኝም። ድሃ ሲሄድ ማን ልብ ይለዋል?»

ማራኪ አንድ ድስት አንስታ በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች። ድንገት ሊመጡልሽ ስለሆነ ነው ብትላት ለምን ብላ መጠየቋ አይቀርም። ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሏት አደረች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሱቁ ደረሰች። እትዬ አልፊያ እንጨት የሚመስለውን ፕላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርግተው መቀሳቸውን ይዘዋል፤ ሀይፋ ጫፉን በጉልበቷ ተጭናለች።

«እትዬ፣ አይቁረጡት» አለች ማራኪ። «ቤት አልገዛንም።»

እትዬ አልፊያ ቀና ብለው አዩዋትና ሳቁ። «እናትሽ ሰምታ ነው አይደል የላከችሽ? ዓይን ፈርታ ነው። አይፈረድባትም፤ እኔም ይህን ሱቅ ስከፍት ሁለት ዓመት ሙሉ የወንድሜ ነው ስል ነው የኖርኩት።»

«እውነቴን ነው።»

«ፋሲን እኮ አውቃታለሁ። ወንድሜ ኢብራር ግቢ ያለችውን ክፍል አከራዩኝ ብላ ሦስት ጊዜ መጥታብኛለች። ቤት ገዝታ፣ ዕቃዋን እየጠቀለለች! በልቤ እየሳቅኩ እሺ ስል ከረምኩ። የሰው ዓይን የሚፈራ ሰው እንደዚህ ነው፤ ያለውን ለመደበቅ የሌለውን ሲጠይቅ ይውላል።»

ማራኪ ጆሮዋን አላመነችም። «የትኛዋን ክፍል?»

«ያቺ ከኋላ ያለችውን ነዋ። ኢብራርማ በትንሽ ዋጋ ሊሰጣት ነበር፤ ይወዳታል። እኔ ነኝ ተው፣ እሷ አትፈልጋትም ያልኩት። ባለፈው ሳምንት ለሁለት ተማሪዎች አከራያት።»

ኢብራር ግቢ ከትምህርት ቤታቸው በር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ማራኪ ወለሉ ላይ የተጋደመ አንድ ጥቅል ላይ ተቀመጠች። እንባዋ ሳታስበው ይወርድ ጀመር። ሁሉንም ተናገረች፤ የሜሪን ሳቅ፣ ቪዲዮውን፣ ሦስት በሦስቷን ክፍል፣ የአምስቱን አባወራ ሽንት ቤት። ማንም ቢሆን ዓይን ፈርቶ ሽንት ቤት ድረስ አይዋሽም። እትዬ አልፊያ ቀስ ብለው መቀሱን አስቀመጡ።

«ያ ረቢ» አሉ። «የኔ ልጅ፣ አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

ለተማሪዎቹ ውጡ ማለት አይቻልም፤ የስድስት ወር ከፍለው ገብተዋል። እትዬ አልፊያ ሱቁ ውስጥ አንድ ሁለቴ ተመላለሱና ማድረግ የሚችሉትን ነገሯት። ለሴቶቹ መኪና ታጣ ብለው ጉዞውን ያስቀራሉ። ለፋሲካ ግን አይነገራትም።

«ምን ይሠራላታል?» አሉ። «ክፍሏ እንደሆነች ሄዳለች። ልቧን ማቃጠል ነው ትርፉ። አንቺም ዝም በይ፤ ነገ በሰላም ሂዱ፣ አላህ ያግራላችሁ።»

ማራኪ ስትወጣ ሀይፋ ተከተለቻት። ልታቅፋት የፈለገች መስሏት ማራኪ ቆመች።

«ለእናቴ በራሴ ምዬ ነው የነገርኳት» አለች ሀይፋ። ዓይኗ ቀልቷል። «እኔን እንኳ ፎገርሽኝ። ለሜሪ ብለሽ።»

«ይቅርታ ሀይፍዬ።»

«እዚሁ መቅረት ትችሉ ነበር እኮ። ከእኛ ጋር።»

ሌላ ምንም ሳትል ወደ ሱቁ ተመለሰች። ስምንት ዓመት አንድ ዴስክ ተጋርተው፣ ደህና ሁኚ እንኳ አልተባባሉም።

ማራኪ በአስፋልቱ ዳር ቀስ እያለች ሄደች። እትዬ አልፊያ የሰጧት መውጫ ቀላል ነው፤ ዝም ማለት ብቻ። እናቷ ነገ ጎረቤቶቿን እየረገመች ትሳፈራለች፣ ወሊሶ ትለምዳለች፣ ከጊዜ በኋላ ትረሳዋለች። ማንም አይከሳትም፣ ማንም አይቆጣትም። ይህን እያሰበች ሰፈሯ ደረሰች።

እናቷ ባዶው ክፍል ውስጥ የታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሥራ የጨረሰ ሰው አቀማመጥ አይደለም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ነው እንደዚያ የሚቀመጠው።

«አልፊያ እንኳ» አለች፣ ማራኪ መግባቷን ስታይ። «ሌላው ይቅር፣ እሷ እንኳ ብቅ ብላ ደህና ሁኚ ብትለኝ ምን ነበረበት? እኔ ምን በድያት ነው? በይ ንገሪኝ፣ አንቺ ቤታቸው ትገቢያለሽ፤ ምን አደረግኳቸው?»

ማራኪ አላውቅም ልትል ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ዞር ብላ በሩን ዘጋችና መጥታ ከእናቷ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ምንም አላደረግሻቸውም» አለች። «እነሱም አልበደሉሽም። እማዬ፣ የኢብራርን ክፍል ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ።»