በቁጥሩ ግራና ቀኝ

የሒሳብ ክፍል ኃላፊው ጋሼ ደሳለኝ ማለዳ ላይ ከኮሌጁ ሦስተኛ ፎቅ ሥር ሞተው ተገኙ። ዝናብ ባራሰው ድንጋይ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ያገኘቻቸው ጸሐፊያቸው አሰለፈች ጮኻ እዚያው ፎቅ ላይ ወዳለው ቢሯቸው ሮጠች። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነው፤ መሰናበቻ ተጽፎበታል።

«$30$ ዓመት አስተማርሁ። ደከመኝ። ይቅር በሉኝ።»

ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ የዶላሩን ምልክት አይቶ ወደ አሰለፈች ዞረ። ከቤይሩት ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም።

«የዶላር ጣጣ ነበረባችሁ?» ሲላት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ኢንስፔክተር ዓይናለም ስትደርስ ግን አጠገቧ ተቀመጠች።

«ሰሞኑን ምን ይሠሩ ነበር?»

«የሒሳብ መጻሕፍቱን በምን ሶፍትዌር እንደምንጽፍ ሊመርጡ ነበር። እኔ በማይክሮሶፍት ወርድ ነው የምጽፍ። እዚሁ የሚያስተምሩት ዶክተር ዋልልኝና መምህር ይሻው ላቴክ በሚባለው ነው፤ ቀመሩን ሁሉ በትእዛዝ ነው የሚጽፉት። ጋሼ ለማወዳደር ብለው የሁላችንንም ፋይል ሰበሰቡ።»

«እሳቸውስ በየትኛው ይጽፉ ነበር?»

«በእስክሪብቶ! በዚህ ኮምፒውተር የምተይብላቸው እኔ ነኝ።»

ዓይናለም ዋልልኝን ስለ መሰናበቻው ስትጠይቀው «ሰው የውስጡን አይናገርም» ብቻ አላት፤ የኮቱን ቁልፍ ይፈትላል። ይሻው ምልክቱን ገና ሲያይ ነበር ያወቀው።

«በላቴክ ቁጥር ሲጻፍ ግራና ቀኙ ይህ ይደረግበታል። እጅ ከለመደ ሳያስቡት ይ…» አለና ፊቱ አመድ መሰለ። በላቴክ የሚጽፈው እሱም ነው።

ከቀትር በኋላ ሦስቱን በዚያው ቢሮ ሰብስባ በሩን ዘጋች። አንዱ ከሌላው ራቅ ብሎ ቆመ።

«መሰናበቻውን ጋሼ ደሳለኝ አልጻፉትም፤ አይተይቡም። አሰለፈችም አይደለችም፤ በቁጥር ዳር ዶላር የምታስቀምጥበት ልማድ የላትም። ይሻው ከትናንት ቀትር ጀምሮ ሐሙሲት ከተማ ነበር፤ ዛሬ ያመጣው የሚኒባስ ሾፌር ሌሊቱን ያደረበትን ቤት አሳይቶናል። የቀሩት እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር ዋልልኝ።»

«ለሶፍትዌር ብዬ ሰው እገድላለሁ?»

«ለሶፍትዌር አይደለም። ለሙከራ የሰጧቸው የዶክትሬት ጽሑፍዎን ፋይል ነው። በላቴክ ከፐርሰንት ምልክት ኋላ የተጻፈ መስመር ወረቀት ላይ አይወጣም፤ ፋይሉን የከፈተ ሰው ግን ያነበዋል። እንዲህ ይላል፦ ‹ይህን የሒሳብ ማረጋገጫ ዛሬ ጨረስሁ። እመቤት።› የኮሌጁ መዝገብ እንደሚለው ተማሪዎ ነበረች። ሥራዋን ወስደው እሷን ፈተና ላይ ጥለው አባረሯት።»

ዋልልኝ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ለመንኋቸው» አለ በቀጭን ድምፅ። «‹አጋልጥሃለሁ› አሉ። መስኮቱ ክፍት ነበር…»

አሰለፈች አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ልጅቱንስ? እመቤትንስ ምን አደረግሃት?»

ዓይናለም የሟቹን ስልክ አንስታ የእመቤትን ቁጥር ፈልጋ ደወለች። ጠራ። ደግሞ ጠራ።

«አቤት ጋሼ!» አለች አንዲት ሴት። «ዛሬ እዚህ አንበሳሜ ከተማ እመጣለሁ ብለውኝ ከጥዋት ጀምሮ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ምነው ቀሩ? ደኅና ነዎት?»