ሥራ ፈቱ ፓፓያ

ለመቱ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፣ በተለይም ለወፍጮ ቤት ሰፈር ሕዝብ እንዲታወቅ የሚከተለው ተገልጿል። በእትዬ ሽብሬ ግቢ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ዘመኑን ሁሉ ሲያብብ እንጂ ሲያፈራ ታይቶ የማያውቅ አንድ የፓፓያ ዛፍ፣ አምና በጥቅምት፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች በተገኙበት ከሥራው ተሰናብቷል። ስንብቱ የተፈጸመው በገጀራ ነው። ዛፉ የመከላከያ መልስ እንዲሰጥ አልተጠየቀም፤ ቢጠየቅም አበባ ከማርገፍ በቀር የሚለው አልነበረውም።

ከሳሹ የአጥር ጎረቤቱ ጋሼ ወንድይራድ ነበሩ። ጋሼ ወንድይራድ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ባዮሎጂ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ዛሬ በመቱ ነጭ ጋዋን ለብሶ የሚንጎራደድ ሁሉ የአበባን ክፍሎች የተማረው ከሳቸው ሰሌዳ ላይ ነው። በባለ ቀለም ጠመኔ አንድ ትልቅ አበባ ይስላሉ፤ መሐሉ ላይ ሴቴዋን፣ ዙሪያዋን ወንዴዎቹን፣ ሁሉንም በአንድ ቤት አስማምተው ያስቀምጣሉ። ሥዕሉ ከማማሩ የተነሳ ቀጥሎ የሚገባው የሒሳብ መምህር ማጥፋት ያሳዝነው ነበር ይባላል። ችግሩ ጋሼ ወንድይራድ አበባ ሲስሉ ኖሩ እንጂ አበባ ሲያዩ አልኖሩም።

ክሱ ሁለት ነጥብ ነበረው። አንደኛ፣ ዛፉ አያፈራም። ሁለተኛ፣ አበባው በረጅም ዘንግ ላይ እንደ ሠርግ ቤት ጌጥ እየተንዠረገገ አጥሩን ተሻግሮ ይረግፋል፤ የዝናብ ቦዩን ይደፍናል፤ ቢጫ ዱቄቱም ባለቤታቸው እትዬ ሙሉብርሃን ባሰጡት ነጭ አንሶላ ላይ እየተቀባ አስመርሯል። በአንጻሩ ከአጥሩ ወዲህ ያሉት የራሳቸው አራት ፓፓያዎች ፍሬያቸው አንገታቸው ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ፣ ለመናኸሪያው ጭማቂ ቤቶች የሚበቁ፣ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ሳይቀር ስማቸውን ጠርቶ የሚገዛቸው ነበሩ። የሚሠራና የማይሠራ ጎን ለጎን ሲቆም ለማነጻጸር ያመቻል።

እትዬ ሽብሬ ባላቸው የሞተባቸው፣ ሁለት ላሞች አልበው እርጎ በየቤቱ እያደረሱ የሚኖሩ ሴት ናቸው። የዚያን ቅዳሜ ብዙም አልተሟገቱም።

«ባርሲሳ፣ ዛፉ ምን አደረገዎት? ለላሞቼ ጥላ ነው» አሉ። ጋሼን እንደ ቀድሞ ተማሪዎቻቸው በኦሮምኛው «ባርሲሳ»፣ መምህር፣ ብለው ነው የሚጠሯቸው።

«ጥላ ከሆነ ግራቪሊያ ይተኩ» አሉ ጋሼ ወንድይራድ። «የማያፈራ ፓፓያ ማለት ደሞዝ እየበላ ቢሮ የማይገባ ሠራተኛ ማለት ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከመሐላቸው አንዱ እንደዚያ ያለ ሠራተኛ ስለነበር ከሁሉም አብልጦ ሳቀ። እትዬ ሽብሬም ገጀራው ሥራውን ሲጨርስ ቀና ብለው በአጥሩ ላይ የተንዠረገጉትን የጎረቤታቸውን ፓፓያዎች ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱና «የእርስዎስ ያምራሉ» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ያሉት ይህንኑ ብቻ ነው። እንትፍ እንትፍ አላሉም፤ «እግዜር ይባርካቸው» አላሉም። ይኼ ያኔ ለማንም ምንም አልመሰለም።

ፓፓያ ቀስ ብሎ የሚቀየም ዛፍ ነው። ቀድሞ የተቋጠረው ፍሬ ወራት ስለሚፈጅ፣ ለገና ሲበላ፣ ጥምቀት ካለፈም በኋላ ሲለቀም ቆየ። ሚያዝያ ላይ ግን እትዬ ሙሉብርሃን ቀና ሲሉ አዲስ ፍሬ አጡ። አበባው ይፈነዳል፣ ጥቂት ቀን ይቆያል፣ ይገረጣል፣ ይወድቃል። ፍግ ጨመሩ። አመድ በተኑ። የላም ቀንድ ሰቀሉ። አበባው መውደቁን አልተወም።

ነገሩ ወፍጮ ቤት ሲደርስ ስም ወጣለት። የወፍጮው ባለቤት ጉርሙ የእድሩም ዳኛ ነው፤ ስለዚህ እሱ ዘንድ እህል ብቻ አይፈጭም። በሞተሩ ጩኸት ላይ ጮክ ብሎ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማው፣ ያቺ ሴትዮ ዛፏ በተቆረጠ ቀን ቀና ብላ አላየቻቸውም ወይ ሲል ጠየቀ። አይታለች። «ያምራሉ» አላለችም ወይ? ብላለች። በቃ፣ ዱቄቱ ከወንፊቱ ወርዶ ሳያልቅ ፍርዱ አለቀ፤ እትዬ ሽብሬ ፓፓያዎቹን በዓይናቸው በልተዋቸዋል።

ጋሼ ወንድይራድ ማታ ወሬውን ከባለቤታቸው ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ። ቡዳ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው ያልገባውን ነገር በድሃ ላይ የሚለጥፍበት ስም ነው አሉ። ትክክል ብለዋል። የከፋው ቀጥሎ የመጣው ነው።

«እሺ፣ ዓይን ካልሆነ ታዲያ ምን ነካቸው?» አሉ እትዬ ሙሉብርሃን። «ባዮሎጂ ያስተማርከው አንተ ነህ። ንገረኛ።»

አላውቅም ማለት ደግሞ ለመምህር ከባድ ነው፤ ጡረታ ለወጣ መምህር ይብሳል። ስለዚህ ጋሼ ወንድይራድ ጋዜጣ ገለጡ። አንባቢ ልብ በል፤ የሰፈር ሐሜት በር ሰብሮ አይገባም። የተማረው ሰው «አላውቅም፣ እስቲ እንየው» ማለት አፍሮ ዝም ያለ ዕለት፣ በከፈተው በር ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ይገባል።

ገባም። የእትዬ ሽብሬን እርጎ የሚገዛ በመጀመሪያ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ቅላቸውን ይዘው ሲያልፉ እናቶች የሕፃን ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ጀመር። ለቅሶ ቤት ሽንኩርት ለመላጥ ሲቀመጡ አጠገባቸው ያሉት ሴቶች አንድ በአንድ ውሃ ሊቀዱ ተነሱ፤ ያን ቀን ያን ያህል ውሃ ለምን እንዳስፈለገ እግዜር ይወቅ። በመጨረሻም ጉርሙ ጋሼ ወንድይራድን ለብቻቸው ጠራቸውና፣ እርስዎ የተከበሩ ነዎት፣ ለሰላም ሲባል፣ እትዬ ሽብሬ እርጎ ይዘው በሰፈሩ እንዳይዞሩና ለቅሶ ቤት ምግብ እንዳይነኩ በለዘበ ቃል ይንገሩልን አላቸው። ጋሼ ወንድይራድ በማያምኑበት ነገር መልእክተኛ ሆነው ሄዱ፤ በለዘበ ቃልም ተናገሩ። ከእትዬ ሽብሬ ያገኙት መልስ «እሺ ባርሲሳ» የሚል ብቻ ነበር።

በሳምንቱ ላሞቹ ሊሸጡ መሆኑ ተሰማ። እትዬ ሽብሬ ቤታቸውን ዘግተው ኡካ ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው፤ ነጋዴውም ለቅዳሜ ተቀጥሯል። ከትዳር እስከ መበለትነት የኖሩበትን ሰፈር በአንድ «ያምራሉ» ሊለቁ ነው።

ዓርብ ጠዋት ጋሼ ወንድይራድ ጓሮ ወጡ። ጉርሙ፣ የረገፉት አበቦች የጥርስ ምልክት አለባቸው እየተባለ ነውና እስቲ ይመልከቱልን ብሏቸው ነበር። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መሬቱን በአበባ ሸፍኖታል። አንዱን አነሱ፤ የጥርስ ምልክት የለውም። እንግዲህ ባዶ እጅ ከመመለስ ብለው፣ እጃቸውም ስለለመደ፣ ምላጭ አመጡና ለተማሪ እንደሚያሳይ ሰው ለሁለት ሰነጠቁት።

መሐሉ ላይ አረንጓዴ፣ ድቡልቡል፣ ጥፍር የምታህል ፓፓያ ቁጭ ብላለች። ውስጧ ነጫጭ የዘር ነጥቦች ተደርድረዋል። አናቷ ላይም የሚመጣውን የሚቀበል ጨፈቃ የመሰለ ነገር ተከፍቷል። ሁሉ ነገር ተሰናድቷል። ዙሪያዋን ፈለጉ፤ በጠመኔ ሲስሏቸው የኖሩት ወንዴዎች የሉም። ሌላ አበባ ሰነጠቁ። የሉም። ወደ ሁለተኛው ዛፍ ሄዱ፣ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ አራተኛው። አንድም ቦታ ወንዴ የለም። አራቱም ዛፍ ድግስ ደግሶ፣ በር ከፍቶ፣ እንግዳ የሚጠብቅ ቤት ነው።

ጋሼ ወንድይራድ ምላጩን እንደያዙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያ ቢጫ ዱቄት ትዝ አላቸው፤ አንሶላ አበላሸ ብለው የከሰሱት።

እትዬ ሙሉብርሃን ልብስ ሊያሰጡ ሲወጡ ባላቸው በአበባ ተከበው አገኟቸው።

«ሙሉዬ፣ ዛፎቻችን ሁሉም ሴቶች ናቸው» አሉ ጋሼ።

«ታዲያስ?»

«ባላቸውን የቆረጥነው እኛ ነን።»

እትዬ ሙሉብርሃን እርጥቡን ልብስ ትከሻቸው ላይ እንደጣሉ በአጥሩ በኩል ወደ ጉቶው አዩ፤ መልሰው ባላቸውን አዩ። «እስከ ዛሬስ የት ነበርክ?» አሉ።

ጋሼ ወንድይራድ ነገሩን ለእትዬ ሽብሬ ለመንገር ቅዳሜን አልጠበቁም። በዚያው ምላጭ፣ በዚያው ጭቃማ ጫማ አጥሩን ዞረው ገቡና ሁሉንም ተናገሩ፤ በለዘበ ቃል ሳይሆን እየተደናቀፉ። እትዬ ሽብሬ ጨርሰው አዳመጡ።

«እኔ ጥላ ነው ነው ያልኩት፤ ባል መሆኑን ከየት አውቄ» አሉ። ቀጥለውም ፈገግታቸውን አጠፉ። «ባርሲሳ፣ ለእኔ ብቻ ነግረውኝ ቢሄዱ ምን ይጠቅመኛል? ያዋረደኝ ሰፈሩ ነው። እዚያ ይንገሩልኝ።»

ነጋዴው ቅዳሜ መጥቶ፣ ላሞቹ እስከ ሰኞ አይሸጡም ተብሎ ተመለሰ።

እሑድ በእድሩ ስብሰባ ላይ ጋሼ ወንድይራድ ያስተማሩት ትምህርት በሕይወታቸው ካስተማሩት ሁሉ የበለጠ ነበር። የተሰነጠቀ አበባ በሳህን አዞሩ። አንዳንዱ ዛፍ ወንዴና ሴቴውን በአንድ አበባ ይይዛል አሉ፤ ፓፓያ ግን ብዙ ጊዜ ወንዴው ዛፍ ለብቻው፣ ሴቴዋ ለብቻዋ ነው። ከወንዴው የሚበነው ዱቄት በነፋስና በእሳት ራት ተጭኖ የሴቴዋ አበባ አናት ላይ ካላረፈ ዘር አይቋጠርም፤ ዘር ካልተቋጠረ አበባዋ ትወድቃለች። በሰፈሩ የነበሩትን ወንዴዎች ሥራ ፈት እያልን አንድ በአንድ ጨረስናቸው፤ የመጨረሻውን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። እትዬ ሽብሬ የበሉት ነገር የለም። እኔ ግን በማላምንበት ወሬ ቤታቸው ድረስ ሄጄ አዋርጃቸዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ አሉና በስብሰባው ጠርዝ ወደ ቆሙት ወደ እትዬ ሽብሬ ጎንበስ አሉ።

አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። ጉርሙ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጋሼ፣ ስለ አበባው ገብቶናል» አለ። «ስለ ዓይናቸውስ?»

ማጉረምረም ተነሳ፤ እውነቱን ነው የሚል ማጉረምረም። ጋሼ ወንድይራድ ዳግመኛ ሊያስረዱ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያልገባውን ተማሪ ደግመው በማስረዳት ያሳለፉ ሰው፣ ይህኛው በማስረዳት የሚገባ እንዳልሆነ ያኔ ታያቸው። ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወጡ። ሰዉ ተከተላቸው። ወደ እትዬ ሽብሬ በር ሄደው እርጎ ጠየቁ። እትዬ ሽብሬም ከስብሰባው ተከትለው ደርሰው ነበርና ገብተው፣ ቅሉን ነቅንቀው፣ በትልቁ ኩባያ ሞልተው አመጡ። ጋሼ ወንድይራድ ደጃፍ ካለው ድንጋይ ላይ፣ ሰዉ ሁሉ እያያቸው፣ ሳይሸፋፈኑ፣ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው እስከ አተላው ጠጡት። ሰፈሩ እስኪወድቁ ጠበቀ። ጋሼ ወንድይራድ አገሱ።

ሰኞ ጠዋትም መጥተው ጠጡ። ማክሰኞም። በሳምንቱ አጋማሽ እትዬ ሙሉብርሃን የራሳቸውን ኩባያ ይዘው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እትዬ ሽብሬም እስከ አፉ ሞሉላቸው። ከዚያ ወዲህ ደንበኛ እንደ ውሃ ጠብ እያለ ተመለሰ። የኡካው ጉዞ ቀረ። ላሞቹም ስለ ራሳቸው የተደረገውን ስብሰባ ሳያውቁ ማመንዠካቸውን ቀጠሉ።

እትዬ ሽብሬ ያልነቀሉት ጉቶ ደግሞ ቡቃያ አውጥቶ ነበር። ክረምቱን ሲያድግ ከርሞ መስከረም ላይ ያን የሠርግ ቤት ጌጡን አንዠረገገ። በኅዳር በጋሼ ወንድይራድ ዛፎች አንገት ላይ፣ ከረገፈው የአበባ ቅጠል ኋላ፣ አውራ ጣት የሚያካክሉ ፓፓያዎች ታዩ። እትዬ ሙሉብርሃን ሲያዩአቸው እልል ሊሉ አፋቸው ላይ ደርሶ፣ ዓይን ፈርተው ሳይሆን ሰው ይስቅብኛል ብለው ተዉት።

ወፍጮ ቤቱም አዲስ ፍርድ ሰጠ፤ ሴትዮዋ ዓይኗን አነሳችላቸው ተባለ። ጉርሙ ራሱ ለስንት ዓመት ያላፈራውን አቮካዶውን በደግ ዓይን እንዲያዩለት እትዬ ሽብሬን ለመነ። እትዬ ሽብሬ ሄደው አዩና ለላሞቻቸው አንድ ጆንያ ፉርሽካ ተቀብለው ተመለሱ።

እንግዲህ ወገኔ፣ ጓሮህ ውስጥ የማያፈራ መስሎ የቆመ ቢኖር ገጀራ ከማንሳትህ በፊት ማንን ሲያፈራ እንደኖረ ጠይቅ። ከእጅህ የጠፋ ነገር ቢኖርም የጎረቤትህን ዓይን ከመመርመርህ በፊት አበባህን ሰንጥቀህ እይ። ሰንጥቀህ ካየህም በኋላ እውነቱን ማወቅህ ብቻ ሰው አያድንም፤ ተነስተህ መሄድ፣ መቀመጥና መጠጣት አለብህ።

አንድ ቀን ጠዋት ጉርሙ ጋሼ ወንድይራድ ከተቀመጡበት ድንጋይ አጠገብ ቆመ። እጁን ኪሱ ከትቶ ግራና ቀኝ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ መቼም በመሐላችን ይቅርና እውነቱን ይንገሩኝ። የዚያን እሑድ ሳይፈሩ እንዴት ጠጡት? ጸበል ጠጥተው ነበር? ክታብ አሥረው ነበር? ወይስ የሚያውቁት ነገር አለ? እስቲ ያብራሩልኝ።»

ጋሼ ወንድይራድ ከንፈራቸውን በእጃቸው ጀርባ ጠረጉ።

«አላብራራም» አሉ።