ዓመታት ያልተነፋችው ሳክስፎን

ቶኪታ ዜማውን ገና ሳያጋምስ በጉልበቱ ተንበረከከ። አዳማጮቹ ስሜቱ አሸንፎት መስሏቸው አጨበጨቡ። ሚስቱ ፉሚ የድንገተኛ መርፌውን ይዛ እስክትደርስ ጉሮሮው አብጦ ትንፋሹ ተዘግቶ ነበር።

ኢንስፔክተር ናሩሴ ኮቤ ወደብ አጠገብ ወዳለችው ጠባብ የጃዝ ቤት ስትገባ ገና አልመሸም። ከአዳማጮቹ ጋር የነበረው ፖሊስ ሁሉንም አስወጥቶ ሦስት ሰዎች ብቻ አስቀርቷል፦ ፉሚን፣ የቤቱን ባለቤት ማማ ያሱኤን፣ ከሟቹ ጋር ከጉርምስናው ጀምሮ ፒያኖ የተጫወተውን ሴንጎኩን።

«ሶባ ነው» አለች ፉሚ። «የሶባ ፓስታ የሚሠራበት ዱቄት አለርጂ አለበት፤ ምላሱን ከነካው አለቀለት። ይህን የማያውቅ ወዳጅ የለንም። ማማ እንኳ ለሱ ስትል እዚህ ቤት ሶባ ቀቅላ አታውቅም።»

ናሩሴ ጓንቷን አጥልቃ መሣሪያዎቹን አገላበጠች። ቶኪታ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲነፋው የዋለው ትልቁ ሳክስፎን ንጹሕ ነው። ግራጫው ዱቄት የተገኘው በትንሿ ሳክስፎን አፍ ላይ፣ ነፊው ከመጀመሩ በፊት በምላሱ በሚያርሳት የሸምበቆ ስንጥር ላይ ነው።

«ይህቺን መቼ መቼ ይነፋት ነበር?»

«ከነፋት ዓመታት አልፈዋል» አለች ፉሚ። «ለአንድ ዜማ ብቻ ነበረች። ግን ከጎኑ አይለያትም።»

«ታዲያ ዛሬ ምን አስነሣው?»

«እንጃ» አለ ሴንጎኩ። «የሱን ነገር ፉሚ ትንገርዎት። ደስ ካለው ፕሮግራም የሚባል አያውቅም። ድንገት ያንን ዜማ ጀመረ፣ ተከተልኩት።»

የማማ ያሱኤ እጅ ብርጭቆ ማድረቁን ተወ። ናሩሴ አየቻት።

«ምነው፣ ማማ?»

«እኔማ አርጅቻለሁ፤ ጆሮዬ ግን ደህና ነው» አለች አሮጊቷ ቀስ ብላ። «የቀደመው ፒያኖው ነው። ውስኪ እየቀዳሁ እጄ ቀጥ አለ። ሴንጎኩ ያንን ዜማ ዳግም አልነካም ብሎ የማለው እዚሁ፣ እኔ ፊት ነው።»

«ለምን ማለ?»

«ለሞተች ልጁ የሠራው ዜማ ነበር። ቶኪታ የኔ ነው ብሎ በስሙ አሳተመው።»

ናሩሴ ሦስቱንም መድረኩ ሥር አስቀመጠቻቸው።

«በዕረፍቱ ጊዜ ሦስታችሁም በመሣሪያዎቹ አጠገብ አልፋችኋል። ለመግደል ብቻ የፈለገ ትልቁን ይቀባ ነበር፤ እሱ መነፋቱ አይቀርማ። ገዳዩ ግን ዓመታት ያልተነፋችውን መረጠ። ዛሬ እንደምትነሣ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችለው ዜማውን የሚጀምረው ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ደግሞ የጀመረው ቶኪታ ነው ብለው ዋሹኝ፣ አቶ ሴንጎኩ።»

ሴንጎኩ አልካደም።

«ልጄን ነው የሸጠብኝ» አለ።

ፉሚ ወደ እሱ ዞረች።

«ፒያኖህን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ሞላ። ይቅር ያልከው መስሎት እኮ ነው ትንሿን ሳክስፎን ያነሣት።»

«አይቼዋለሁ» አለ ሴንጎኩ። «እንዲመስለው ብዬ ነው የጀመርኩት።»