ያልተለበሱት ቀሚሶች

በ፲፱፻፷፩ ዓ.ም. የካቲት ሲገባ ነበር፤ ተማሪዎች በየዕለቱ ሰልፍ የሚወጡበት፣ ሰላዮች በየመንገዱ ጆሮ የሚጥሉበት፣ ጎረቤት እንኳ ግራ ቀኙን ሳያይ የማያወራበት ዘመን። ከዋናው ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቃ የምትኖር አንዲት ልብስ አጣቢ፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ልጇ በየሳምንቱ በአውቶቡስ የሚመጣላትን የእድፍ ልብስ ጥቅል ፈታች፤ ፈትታም ክው አለች።

ባለፈው ሳምንት አጥባና በከሰል ካውያ ተኩሳ የላከቻቸው ቀሚሶች እሷ እንዳጠፈቻቸው ተመልሰዋል። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻቸው፤ ከሳሙና በቀር የሰው ጠረን የላቸውም።

«ጉድ ፈላ!» አለች ለራሷ። «ሌላ የሚያለብሳት ተገኝቷል! ወይ ባለመኪና ጎረምሳ ነው፣ ወይ እነዚያ ወረቀት በታኞች።»

በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ተሳፍራ ከተማው እስክትደርስ ድረስ ልጇን በሐሳቧ ሁለቴ አስረግዛ አንዴ አሳስራት ነበር።

የሴቶች ማደሪያው ኃላፊ፣ ቁልፍ በወገባቸው ያንጠለጠሉ ወይዘሮ፣ በር ላይ ተቀበሏት።

«እመቤቴ፣ ልጄ ከማን ጋር ነው የምትውለው? አይደብቁኝ።»

«ከማንም ጋር አትውልም።»

«እንግዲያው ከማን ጋር ታመሻለች?»

«እናት ነዎት ወይስ መርማሪ?» አሉ ወይዘሮዋ። «ይልቅ ይግቡና ይዩአት። እኔ ሳንኳኳ ‹ደህና ነኝ› ከማለት ሌላ አትመልስልኝም።»

እናት «ደህና ነኝ የሚል ሰው የሚደብቀው አያጣም» እያለች ደረጃውን ወጣች።

ቀትር ነው፤ መጋረጃው ግን አልተገለጠም። ልጅቷ በሌሊት ልብስ፣ ጸጉሯ ሳይበጠር፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። እናት ሰላምታም ሳትሰጥ ተንበርክካ አልጋው ሥር የወንድ ጫማ ፈለገች፤ ቁም ሣጥኑን በረበረች፤ የተደበቀ ወረቀት ቢኖር ብላ ፍራሹን ዳበሰች። ያገኘችው የደረቀ ዳቦና አቧራ የለበሱ መጻሕፍት ነው።

«የት አለ?»

«ማን፣ እማዬ?»

«እሱ ነዋ! ቀሚስ የሚገዛልሽ!»

«ማንም የለም። ከዚህ አልጋ ከወረድኩ ሰንብቻለሁ። እንዳታውቂብኝ ነው ቀሚሱን ሳልለብሰው በዘበኛው እጅ የምመልሰው።»

«አትነግሪኝም ታዲያ? እናትሽ አይደለሁ?»

«በመጣሽ ቁጥር ‹ከማን ጋር ነሽ?› ነው የምትይኝ። ‹እንዴት ነሽ?› ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

እናት፣ ተነሺ ወደ ቤት እንሂድ፣ ትምህርቱም ገደል ይግባ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ልጅቷ የአልጋውን ብረት ጨብጣ አየቻት። የከፈተችውን አፍ ዘጋች፤ አጠገቧም ተቀመጠች።

«እንዴት ነሽ?»

«ደህና አይደለሁም» አለች ልጅቷ፤ አልቅሳም አልወጣላት አለ። እናት ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ጋደም አለች።

ሲነጋ አጠበቻት፣ ጸጉሯንም አበጥራ፣ በክንዷ ደግፋ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ወሰደቻት።

«ብቻዋን ላነጋግራት» አሉ ሐኪሙ።

«ምን የሚደበቅ ነገር ኖሮ ነው?» አለች እናት፤ ሐኪሙንም ከእግር እስከ ራሳቸው ገረመመቻቸው። ነገር ግን ወጣች። ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች፤ ከዚያ ራሷን ታዝባ ሄደችና ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ምንም ከማይሰማበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

የዚያን ዓመት ታሪክ የጻፉ ሰዎች ማን ሰልፍ እንደ መራ፣ ማን እንደ ታሰረ፣ ማንስ እንደ ከዳ አስፍረዋል፤ ሰላዮችም ማን ከማን ጋር እንደ ዋለ አጣርተው ጽፈዋል። በየማደሪያው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ስለ ተኙት ልጆች ግን አንድ መስመር አይገኝም፤ እንዴት ናችሁ ብሎ የጠየቃቸው አልነበረማ።