ለሁለት ይሁን

አናጢው ልብስ ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆሞ «ስፌት የሌለው ጨርቅ እንድትሰፉልኝ ነበር» ሲል፣ ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች ሳቀች።

«ስፌት ከሌለውማ እኛ ጋ ምን አመጣዎት?»

ሰውየው ግራ ገባው። የቤቱ ባለቤት አክስቷ ከካውያው ኋላ ሆነው «ልጄ፣ መጀመሪያ ይግቡ ይባላል» ብለው ገሠጿት።

ገባ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የእንጨት ሥራ ቤት የእሱ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ መጋዙን ስትሰማ፣ ፀጉሩ ላይ የሚቀረውን ሰጋቱራ በመስኮት ስታይ ኖራለች። ድምፁን ግን ከሰላምታ አልፋ አታውቀውም። አሁን ያገለገለ ፕሮጀክተር ገዝቶ ሳሎኑን ትንሽ ሲኒማ ቤት ሊያደርገው መሆኑን ነገራት። ግድግዳው አረንጓዴና ጎርበጥባጣ ስለሆነ ተዋናዩ ሁሉ የታመመ ይመስላል። ስለዚህ ከእንጨት ፍሬም ሠርቶ ነጭ ጨርቅ ሊወጥርበት አስቧል። ጨርቁ መሃሉ ላይ ስፌት ካለው ደግሞ የሰው አፍንጫ ላይ መስመር ይወጣል።

«ጠርዙን ብቻ እንዲዘመዝሙልኝና ከኋላው የሚሆን ጥቁር ገበር እንዲያዘጋጁልኝ ነው። ገበር ከሌለው ብርሃኑ ያልፋል።»

«ይሄ ሁሉ ሸራ ለአንድ ሰው?» አለች። ብቻውን እንደሚኖር መንደሩ ያውቃል።

ሊመልስ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ዓይኑን ከዓይኗ ነቅሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ያላለቀ ኮት ያይ ጀመር። ከዚያ «ጨርቁን ነገ አመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

ልጅቷ በዚያ ሰሞን ሁለት ልብ ሆና ነበር። ሌላ ከተማ ያለችው ታላቅ እህቷ አንድ ትልቅ የመጋረጃ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝታላታለች፤ መልሷን እስከ ቅዳሜ ማሳወቅ አለባት። ሥራው ጥሩ ነው፤ እህቷም ትናፍቃታለች። ከዚያ መጋዝ ድምፅ በቀር እንቢ የምትልበት አንድም ምክንያት አልነበራት። የመጋዝ ድምፅ ደግሞ ምክንያት ተብሎ ለእህት አይነገርም። አንዲት ቃል ቢተነፍስላት ትቀር ነበር። እሱ ግን ጠዋት ከማዶ እጁን ያነሳል፣ ማታ እጁን ያነሳል፤ ሰላምታ ይሁን ዝንብ ማባረር በምን ታውቃለች?

በማግስቱ እሷ ቀሚስ ልታደርስ በወጣችበት ጨርቁን ለአክስቷ ሰጥቶ ሄደ። ለአልጋ ልብስ የሚሆን፣ ወርደ ሰፊ፣ እንከን የማይወጣለት ነጭ ጨርቅ ነበር። በስፒል የተያያዘበት ወረቀት ላይ በእርሳስ ተጽፏል፦ «ወርድ ሁለት ሜትር ከሰማንያ። ቁመት አንድ ሜትር ከስልሳ። ለሁለት ይሁን።»

ደግማ አነበበችው።

«አክስቴ፣ ይሄ ሰውዬ ስፌት አልፈልግም ሲል አልነበር? ለሁለት ይሁን ይላል እኮ።»

«ለሁለት ካለ ለሁለት ነዋ። ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናል። እንደ መስኮት ባለ ሁለት ክፋይ ሊያደርገው ይሆናል፤ አናጢ አይደል?»

ልብስ ስፌት ቤት ውስጥ «ለሁለት» ማለት አንድ ነገር ብቻ ነው። አንሶላው ለሁለት ይሁን፣ መጋረጃው ለሁለት ይሁን፤ ደንበኛ ያዛል፣ መቀስ ይታዘዛል። ቢሆንም እጇ አመነታ። ተሻግራ ልትጠይቀው ብትሄድ በሩ ተቆልፏል። ተመልሳ ጨርቁን አጠፈች፣ መሃሉን በጠመኔ አሰመረች፣ ቆረጠችው። ከዚያ የሁለቱንም ጠርዝ ለማንም ደንበኛ ተጠንቅቃ በማታውቀው ጥንቃቄ ዘመዘመች።

ሐሙስ ጠዋት አናጢው ፀጉሩን ተቆርጦ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። እንዲህ ሆኖ ስታየው ልቧ ዘለለ። ሁለቱን ጨርቆች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት።

አንዱን አነሳ። ሌላውን አነሳ። ፊቱ ላይ የነበረው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ።

«ቆረጡት» አለ።

«እንዳሉት፣ ለሁለት።»

«ለሁለት...» ብሎ ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ። «ገባኝ። ምንም አይደል። ገባኝ።»

ጨርቆቹን አቅፎ ወጣ። ጥቁሩን ገበር እንኳ ረስቶት ሄደ።

«አክስቴ፣ ምኑ ነው የገባው? እኔ ምንም አልገባኝም።»

«ወንድ ልጅ ሁለት ጊዜ ገባኝ ካለ ምንም አልገባውም ማለት ነው» አሉ አክስቷ ካውያቸውን ሳያቆሙ።

ዓርብ ጠዋት እጁን አላነሳም። ማታም አላነሳም። ለካ ሰላምታ ኖሯል! ልጅቷ እጅጌ ልትገጥም አንገትጌ ገጠመች፤ ፈታችው፤ መልሳ ያንኑ ስህተት ደገመች። ጨርቁን አበላሽቼበት ይሆን? ታዲያ ለምን አይቆጣም? ካልተቆጣስ ለምን አያየኝም? ያዘዘውን በሠራች፣ በደለኛ ሆና ውላ አደረች።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ለእህቷ እሺ ልትል ስልኳን አነሳች። ዓይኗ ጥቁሩ ገበር ላይ አረፈ። የሰው ንብረት ይዞ አገር መልቀቅ ነውር ነው ብላ ራሷን አሳመነችና ገበሩን ጠቅልላ ቤቱ ሄደች።

በሩ ገርበብ ብሏል። ሳሎኑ መስኮት ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ ወለሉ ላይ ትልቅ የእንጨት ፍሬም ተጋድሟል። አናጢው በአምፖል ብርሃን ተንበርክኮ፣ ሁለቱን ጨርቆች መሃል ለመሃል በእጁ ይሰፋል። ስፌቱ የመርፌ ሳይሆን የሚስማር ሥራ ነበር የሚመስለው።

«ምን እየሠሩ ነው?»

ደንግጦ ጣቱን ወጋ። «መልሼ ላገጣጥመው ብዬ... ጠርዙ ሲታጠፍ ጨርቁ ስለጠበበ ፍሬሙንም አሳጠርኩት።»

«ለምን ይገጣጠማል? ለሁለት ይሁን ብለው የለ?»

«አዎ፣ ለሁለት!»

«ለሁለት ቆረጥኩዋ!»

«ለሁለት ሰው ነው ያልኩት!» ጮኸ። ከዚያ በራሱ ጩኸት አፍሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለአንድ ሰው ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? አፌ እንቢ አለኝ። ስገላበጥ አድሬ ጠዋት ለሁለት ይሁን ብዬ ጻፍኩልሽ። ለእኔና ለአንቺ።»

አንቺ አላት። እሱ አላወቀውም፤ እሷ ግን ሰማችው። ገበሩን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከወርድና ከቁመት በታች ይጽፋል?»

«መጀመሪያ ብጽፈው ጨርቁን ሳታዪ የምትመልሺልኝ መሰለኝ።»

«ስቆርጠውስ ምን መሰለህ?»

«በጨዋ ደንብ እንቢ ያልሽኝ። ነገሩ ገብቶሽ እንዳልገባሽ ሆነሽ።»

«እንቢ ካልኩህ ታዲያ ምን ያሰፋሃል?»

ጨርቁን በመዳፉ ዳበሰ። «እጅሽ ያረፈበት ነው። ልጥለው አልቻልኩም።»

ደስ ይበላት ወይስ ትናደድ መወሰን አቃታት። ያን የመሰለ ጨርቅ በገዛ መቀሷ! ሁለቱም በአንድ ላይ መጡባትና ስትስቅ እንባዋ ወረደ።

«ስማኝ» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «እህቴ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታልኛለች፤ መልስ የምሰጣት ዛሬ ነው። አሁን ሙሉውን ንገረኝ። ወርድና ቁመት ሳትጨምር።»

አናጢው መርፌውን አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከዓይኗ አላሸሸም።

«እወድሻለሁ» አለ። «አትሂጂ።»

ይህችን ለማለት ነው ሁለት ዓመት የፈጀው። እሷ መርፌውን ከወለሉ አንስታ የእሱን ስፌት ተረተረችና ጨርቁን እንደገና፣ ክሩ እስከማይታይ ድረስ አጣብቃ ሰፋችው። ከዚያ ከገበሩ ጋር ፍሬሙ ላይ ወጠሩት፤ እሱ ይስባል፣ እሷ በስቴፕለር ትመታለች፣ ከየጎኑ መሃል ተነስተው ወደ ማዕዘኖቹ እየሄዱ። አቁመው ፕሮጀክተሩን ሲያበሩት አንድ ሰውዬ ፈረስ ሲጋልብ ታየ። ስፌቱ በትክክል አፍንጫው ላይ ነበር። ሁለቱም አዩት፤ ሁለቱም እንዳላዩ ሆኑ።

ያኔ ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት።

«እሺ፣ ምን ወሰንሽ?»

«ቀረሁ» አለች ልጅቷ። ቅድም ስላለቀሰች ድምፅዋ ገና አልጠራም።

እህቷ ደነገጠች። «ኧረ የኔ እናት! ማን ነው ቀረሽ ያለሽ? ገና ልጅ አይደለሽ እንዴ? ባል እንደሆነ ዛሬ ባይመጣ ነገ ይመጣል!»

«አይ፣ እንደሱ ሳይሆን...» ልታስረዳ ሞከረች፤ ሳቋ አላስጨርስ አላት። ሳቁ በስልክ ልቅሶ መሰለ፤ እህቷም «አታልቅሺ በቃ፣ እኔ እያለሁልሽ» እያለች አብራ ማልቀስ ጀመረች።

«ንገሪያት እንጂ» አለ አናጢው በሹክሹክታ።

«አንተ ንገራት» ብላ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

አናጢው ከተቀመጠበት ተነሳ። የሸሚዙን አንገትጌ አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ» አለ። «እኔ ነኝ ያስቀረኋት።»