ሰርቨሩ ላይ የነበረው ቺፕስ

«ማን ነው የበላው?» አለ የክበቡ መሪ ጓንሊን፣ ባዶውን አረንጓዴ ከረጢት ከሰርቨሩ ላይ አንስቶ እያራገበ።

በኮምፒውተር ክበቡ ክፍል ውስጥ ማንም አልሳቀም። የትምህርት ቤቱ የመልእክት ሶፍትዌር ከምሳ ጀምሮ ቀጥ ብሏል፤ ስክሪኑ «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ከማለት በቀር ሌላ ቃል የለውም። አውሎ ነፋሱ ደግሞ ወደ ከተማቸው ወደ ካኦሽዮንግ እየገሰገሰ ነው። የተራራው ሰፈር ልጆች በየትኛው አውቶቡስ ቀድመው እንደሚወጡ ቢሮው ከደቂቃዎች በኋላ የሚነግራቸው በዚሁ ሶፍትዌር ነው።

በአገሩ ልማድ ሰርቨር ላይ የኮኮናት ቺፕስ ይቀመጣል። ከረጢቱ አረንጓዴ፣ ያልተከፈተ፣ ጊዜው ያላለፈበት መሆን አለበት። ያኔ ማሽኑ አርፎ ይሠራል ይባላል።

«እኔ ነኝ» አለች ዘንድሮ የገባችው ዩቼን፣ ጆሮዋ ቀልቶ። «ቁርስ አልበላሁም ነበር።»

«እንኳን ደስ አለሽ፣ ሰርቨሩን ዋጥሽው! በቃ ውጪ። ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ።»

ዩቼን ወጣች፤ ግን አልሄደችም። ጥላዋ በበሩ መስታወት ይታያል።

ጓንሊን አዲስ ከረጢት አስቀምጦ ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሳው። መልእክቶች መግባት ጀመሩ። «አያችሁ?» ሌሎቹ አጨብጭበውለት ወደ ክፍላቸው ሮጡ።

ከጓንሊን ጋር ፔይዩን የምትባለው የክበቡ አባል ብቻ ቀረች። የዳታቤዙን ገጽ ከፈተች። በአንድ ጊዜ የሚቀበለው መቶ ግንኙነት ነው፤ ከሞላ መልእክት አያልፍም፤ አሁን ሠላሳ አንዱ ተይዟል። ወዲያው ሠላሳ አራት ሆነ። ሁሉም የመጡት ጓንሊን ከጻፈው የአውሎ ነፋስ መከታተያ ፕሮግራም ነው። ነፋሱ በቀረበ ቁጥር ፕሮግራሙ ቶሎ ቶሎ ይፈትሻል፤ በፈተሸ ቁጥር አዲስ ግንኙነት ይከፍታል፤ የከፈተውን ግን አይዘጋም።

«ጓንሊን... ያንተ ፕሮግራም ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጠዋት አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ዩቼንን ለምን...»

«አቦ፣ ቺፕሱን በልታ የለ እንዴ! ስሚኝ፣ ቲቸር ሽያው ለዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ ሊጽፍልኝ ዛሬ ፕሮግራሙን ሊያይ ይመጣል። ነገ ቁጭ ብዬ አስተካክለዋለሁ።»

«የአውቶቡሱ ማስታወቂያ ሲላክ ቢሞላስ?»

«አይሞላም። ደግሞ አንቺ ዝም ማለት ታውቂበታለሽ።»

ስልሳ ሁለት። ንፋሱ መስኮቱን ይደበድባል። ሰማንያ። ታች ግቢው ውስጥ አውቶቡሶቹ ሞተር አስነስተዋል።

ፔይዩን ተነስታ አረንጓዴውን ከረጢት ከሰርቨሩ ላይ አነሳች።

«ምን ልታደርጊ ነው? ኧረ ተይ!»

ቀደደችው። በሩን ከፍታ ለዩቼን ዘረጋችላት።

«ብዪ። ከዚያ ነይ አጠገቤ ተቀመጪ፤ አንድ ነገር ላሳይሽ።»

ዩቼን ጓንሊንን አየችው፤ ቺፕሱን አየችው፤ አንድ ፍሬ አነሳች።

ፔይዩን ተመልሳ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበች፤ የጓንሊንን ፕሮግራም አስቆመች። ዘጠና አንድ የነበረው ቁጥር ወደ አራት ወረደ። ከኮሪደሩ ጫፍ የቲቸር ሽያው ሳል ተሰማ።

ባዶውን ወንበር በእግሯ ገፋ አድርጋ ለጓንሊን አስጠጋችለት። ገጹን ግን አልዘጋችውም፤ ቲቸር ሽያው ሲገባ ያየዋል።